የእታለም ጫጩቶችና የጋራው ካሳ

የልጅ ልጆቼ ይጻፉት፣ ይጻፉት እያሉ ወጥረው ያዙኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ወልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። እና መስመሬ ቢንጋደድ፣ ወሬዬም መንገድ ስቶ ጎረቤት ቢገባ፣ ታግሣችሁ ጠብቁኝ፤ ይመለሳል።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ሜሮን ናት፣ የትልቋ ልጄ ልጅ። ቡራዩ ላይ ከባሏ ጋር ጫጩት ታሳድጋለች። በዚህ ክረምት ልጠይቃት ሄጄ፣ ጫጩቶቹ በአምፖል የሚሞቁበትን ክፍል ከፍታ ስታስገባኝ፣ እግሬ ሳይገባ ሽታው ደጅ ላይ ተቀበለኝ። እርጥብ ሰጋቱራ፣ ኮምጠጥ ያለ ነገር፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ዛገ ብረት ያለ የደም ሽታ።

"ሜሪ፣ እነዚህ ልጆች ሆዳቸውን ታመዋል" አልኳት።

"በምን አወቁ እማማ? ገና እኮ አላዩዋቸውም።"

"አፍንጫዬ ያውቀዋል።"

ጎንበስ ብላ ሰጋቱራውን ስታገላብጠው ቀይ ቀይ ኩስ አገኘች። ለእንስሳት ሐኪሙ ደወለች፣ መድኃኒት ተገዛ፣ ሁሉም ነገር በፍጥነት ሆነ። ማታ እራት ላይ ታዲያ ሁሉም ተሰብስበው "አፍንጫዎ የት ተማረ?" ብለው ያዙኝ። አፍንጫዬ የተማረው ሰበታ ነው፣ እታለም ቤት።

እታለም የምላት አክስቴን ነው፣ የአባቴን ታናሽ እህት። ስሟ አበቡ ነበር። ከመንዝ ወጥታ ሰበታ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው አግብታ ነበር የምትኖረው። ባሏ ጋሼ ተፈራ ይባላሉ፤ ቃል የሚቆጥቡ፣ መዶሻ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። እኛ ቤት ደግሞ አፍ በዝቶ ነበር። እታለም ለአባቴ ላከችበት፤ አንዷን ስጠኝ፣ እኔ ላሳድጋት አለችው። የወተት ጥርሴ መርገፍ የጀመረበት ዓመት ነው፤ አባቴ እጄን ይዞ መኪና አሳፍሮ አመጣኝ።

ሲያስረክበኝ ግን እንዲህ አላት። "እህቴ፣ ቅር አይበልሽ። ስለ እጅሽ የሚወራውን ሰምቻለሁ። ለመስቀል መጥቼ አያታለሁ። ካልሆነላት ይዣት እመለሳለሁ።"

እታለም አንገቷን ደፍታ "እንዳልክ" አለች።

ስለ እጇ የሚወራው ይኸ ነው። የሰፈሩ ሴቶች "የአበቡ እጅ አያጸድቅም" ይሉ ነበር። የተከለችው ጎመን ይጠወልጋል፣ ያሳደረችው ጥጃ ይከሳል፣ የታቀፈችላት ዶሮ እንቁላሉን ጥላ ትነሳለች። እኔ ደግሞ መጽደቅ ማለት ገነት መግባት ብቻ ይመስለኝ ነበርና፣ እጇ ካላጸደቀ እንግዲህ ኃጢአት የሠራ እጅ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ እጇን ሳየው እውል ነበር። ቀጭን፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት እጅ ነው። በዚያ እጅ ፀጉሬን ስታበጥርልኝ አንድም ቀን ጎትታኝ አታውቅም። ምን አጥፍቶ ይሆን እያልኩ አዝንለት ነበር።

መመለስ አልፈለግኩም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ የሚጠይቀኝም አልነበረም። እታለም ቤት ለብቻዬ ትራስ ነበረኝ፤ ጠዋት ስነሳ "እንዴት አደርሽ ትርፌ" የሚለኝ ሰው ነበረኝ። መንዝ እኛ ቤት እንዴት አደርሽ የሚባለው እንግዳ ነው።

በዚያው ሰሞን የእርሻ ቢሮ ለሴቶች የፈረንጅ ጫጩት ሊያድል ነው ተባለ። እታለም ማልዳ ሄዳ ጎኑ የተበሳሳ ካርቶን ተሸክማ መጣች። ክዳኑን ስትከፍተው ካርቶኑ በሙሉ ቢጫ ሆኖ ይንጫጫል። አዴ ጫልቱ፣ ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን፣ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ አየችና "አበቡ፣ ይህን ሁሉ እናት የሌለው ጩጬ በምን ልታሳድጊው ነው?" አለቻት።

"በእጄ" አለች እታለም። አዴ ጫልቱ አንገቷን ከአጥሩ መለሰች። ስለ እጇ የሚወራውን ያላነሳችባት ስለምትወዳት ነው።

ጋሼ ተፈራ ትንሿን ክፍል ባዶ አድርገው፣ በሰሌን ክብ አጥር አበጁ፣ መሬቱ ላይ ሰጋቱራ አነጠፉ፣ መሐሉ ላይ በተበሳሳ ጣሳ የተከደነ ፋኖስ አስቀመጡ። ጫጩቶቹ ወዲያው ሄደው ጣሳውን ከበቡት። "እንግዲህ እናታቸው ፋኖሱ ነው" አሉ። እኔ ቃላቸውን እንዳለ ተቀበልኩ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ ለፋኖሱ ሰላምታ እሰጥ ነበር። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ፋኖሱ እንቁላል የሚጥለው መቼ ነው?" ብዬ ብጠይቃቸው፣ ምስማር በአፋቸው ይዘው ነበርና ሳቅ አንቋቸው፣ እታለም ሮጣ ጀርባቸውን መታችላቸው።

የኔ ሥራ ጥሬ መበተንና ውሃ መቅዳት ነበር። ጫጩት ውሃ ጎንጨት ባለ ቁጥር ራሱን ወደ ሰማይ ቀና ያደርጋል አይደል? ፈጣሪውን ማመስገኑ ነው ይባላል። እታለም አጠገቤ ቁጢጥ ትልና "እይ ይቺን፣ እንዴት እንደምታመሰግን" ትለኛለች። አንዷ ትንሽ ታነክሳለች፣ ስታመሰግን ሚዛን ስታ ትወድቃለች። አንካሴ አልናት። መጀመሪያ እታለምን "እርስዎ" እያልኩ ነበር የማናግራት፤ ጫጩት ስንጠብቅ፣ መቼ እንደሆነ እንጃ፣ "አንቺ" ሆነች።

ክረምቱ ጠና። ወጨጫ ጋራ ከደጃችን ቀና ሲሉ ነው፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ጉሙን ተከናንቦ ጠፋ። ቆርቆሮው በአንድ ጥግ ያፈስ ጀመር። እታለም ብርድ እንዳይገድላቸው ብላ መስኮቱን በጨርቅ ደፈነችው፣ በሩንም አትከፍትም። ሰጋቱራው ሲርስ በላዩ ላይ ሌላ ትበትንበታለች። ክፍሉ ውስጥ ያ ሽታ መጣ። ያ ቡራዩ ላይ የተቀበለኝ ሽታ።

አንድ ጠዋት ጥሬ ስበትን ሁሉም አልመጡም። ጥቂቶቹ ካባ እንደ ደረበ ሽማግሌ ክንፋቸውን ጥለው፣ ላባቸውን ነፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፋኖሱን ተጠግተው ቆመዋል። ከሥራቸው ያለው ኩስ ቀይ ነው፤ በውሃ የተበጠበጠ በርበሬ ይመስላል። እታለምን ጠራኋት። መጣች፣ አየች። ሙቅ ውሃና ጨርቅ አምጥታ የአንዱን ጫጩት ቂጥ ታጥብ ጀመር።

አዴ ጫልቱ መጣች። እንደ ወትሮዋ "አከም ቡልቴ" ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥታ፣ ሰጋቱራውን በእግሯ ገለጥ አድርጋ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ገራ ካሳ" አለች። "ገራ ካሳ ነው አበቡ። ከገባ አይምርም፣ ይጨርሳቸዋል። ነገ ዛሬ ሳትይ የእርሻውን ሰው ጥሪ።"

እኔ ኦሮምኛ ገና አልለመድኩም። በጆሮዬ የገባው "ጋራ ካሳ" ነው። ጋራውን አውቀዋለሁ፤ ያውና ጉም ለብሶ ቆሟል። ካሳ ደግሞ የሰው ስም ነው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ካሳ የሚባል አንድ ሰው ከጋራው ይወርዳል፣ ይገባል፣ ጫጩት ይጨርሳል። አዴ ጫልቱ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችውም እንዳይሰማት ነው።

"እታለም፣ በየት በኩል ነው የሚገባው?" አልኳት።

"እኔ ምኑን አውቄ" አለች ጨርቁን እየጨመቀች። "ከዚሁ ከእርጥቡ ነው መሰለኝ።"

እርጥቡ ማለት ቆርቆሮው የሚያፈስበት ጥግ ነው። መግቢያውን አወቅኩ።

በማግስቱ እታለም የእርሻውን ሰው ልትጠራ ሄደች፣ ጋሼ ተፈራ ሥራ ናቸው፣ ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። በሩ ተንኳኳ። ከፈት ሳደርግ አንድ ረጅም ሰውዬ፣ ኮፍያው ላይ ውሃ ያዘለ፣ አህያ ይዞ ቆሟል።

"አበቡ የለችም?"

"ማን ልበል?"

"ካሳ መጣ በያት።"

በሩን አልለቀቅኩም። "ከየት ነው የመጡት?"

"ከጋራው ሥር ነዋ። እንጨት መሰንጠቂያው ጋ ነው የምሠራው።"

"ጫጩቶቹ የሉም" አልኩ። "ሞተው አልቀዋል።"

"እህ። ሁሉም?"

"ሁሉም። ሌላ ሰፈር ይሂዱ።"

ሰውዬው አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠ። ከውስጥ ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ። "ታዲያ ይኸ የሚጮኸው ምንድነው?"

"ፋኖሱ ነው።"

ትንሽ አየኝ። ከዚያ አልተከራከረኝም። ከአህያዋ ላይ ሁለት ጆንያ አውርዶ ጣሪያው ከዝናብ በከለለው ቦታ ከግድግዳው አስጠጋቸው። "ተፈራ ያዘዘኝ ደረቅ ሰጋቱራ ነው። በይ፣ ለፋኖሱ እግዜር ይማርህ ብሏል ጋሽ ካሳ በይው" አለና አህያዋን እየነዳ ሄደ።

እኔ ግን አልተሸወድኩም። ቤቱን አይቶ ሄዷል፤ ይመለሳል። ጓዳ ውስጥ የጋሼ ተፈራ እናት ትተውት የሞቱ የእህል ጎታ ነበር፤ ያኔ ጭድ ነበር የሚቀመጥበት፣ ደረቅ፣ ሞቃት። በቀሚሴ እያቀፍኩ፣ በርጩማ ላይ እየወጣሁ፣ ጫጩቶቹን ወደዚያ አጋዝኳቸው። ደህናዎቹን ብቻ። ክንፋቸውን የጣሉትን ካሳ አውቋቸዋል፣ እነሱን ብወስድ ተከትሎ ይመጣል ብዬ ተውኳቸው። አንካሴ ደህና ነበረች፤ እሷን መጨረሻ ላይ በደረቴ አቅፌ እኔም ገባሁ። ፋኖስ ስለሌላቸው የእታለምን ጋቢ ከላይ ደረብኩባቸው። ከሥሩ ትንሽ ትንሽ ልብ ሲመታ ይሰማኛል። ጭዱ አንገቴን እየበላኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት በጩኸት ነው። እታለም "ትርፌ፣ ትርፌ" እያለች ከክፍል ክፍል ትሮጣለች። በኋላ አዴ ጫልቱ እንደነገረችኝ፣ እታለምና የእርሻው ሰው የጫጩቶቹ ክፍል ገብተው ግማሹ ባዶ ሆኖ ሲያገኙት፣ ሰውዬው "ሌባ ገብቷል ወይ?" ብሏት ነበር። ጫጩቶቹን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራቻቸውም፤ ትጣራ የነበረው የእኔን ስም ነው።

ጎታው ሲንጫጫባት ነው የደረሰችብኝ። የእርሻው ሰው ወጣት ነው፣ አቶ ሙሉጌታ ይባላል፣ በብብቴ ሥር ይዞ አወጣኝ። ፀጉሬ ጭድ በጭድ ሆኗል። እታለም ጭዱን ከፀጉሬ ትለቅማለች፣ ትለቅማለች።

"እዚህ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ አቶ ሙሉጌታ።

"ካሳ እንዳይጨርሳቸው ነው።"

"የቱ ካሳ?"

"የጋራው። አዴ ጫልቱ ያለችው።"

ጩኸት ሰምታ የመጣችው አዴ ጫልቱ መጀመሪያ ገባት። መሬት ላይ ዘፍ ብላ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። "ኢንተላ ኮ" አለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። "ገራ ማለት እኮ ሆድ ነው። ገራ ካሳ ተቅማጥ ነው፣ ሆድን የሚያስነሳ። ምስኪን ካሳ። ሰውዬው ምን በደለሽ?"

አቶ ሙሉጌታም ሳቀ፤ ግን ዓይኑ ወደ ጎታው ነበር። "የታመሙትን ለምን ተውሻቸው?" አለኝ።

"አውቋቸዋል።"

"ጎበዝ። ደህናውን ከበሽተኛው ለዩ፣ ወደ ደረቅ ቦታ አዛውሩ ልላችሁ ነበር የመጣሁት። በካሳም ይሁን በሌላ፣ ሥራው ተሠርቷል።" ከዚያ ለእታለም ቀስ ብሎ አስረዳት። ዓይን የማያየው ነገር ነው፤ ከታመመው ኩስ ጋር ይወርዳል፣ እርጥብና ሙቅ ሰጋቱራ ሲያገኝ ይበስላል፣ ደህናው ጫር ጫር ሲያደርግ በአፉ ይለቅመዋል፣ አንጀቱን ያቆስለዋል። እርጥቡን ጠርጋችሁ አቃጥሉ፣ የሚያፈሰውን ድፈኑ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ይህን ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ ስጡ፣ ሌላ ውሃ እንዳይቀምሱ።

እታለም ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "እጄ አይደለም?" አለችው።

አልገባውም። "እጅዎን ሲገቡም ሲወጡም በሳሙና ይታጠቡ" አላት። "እጅዎ ግን ምን አደረገ?"

እታለም ፊቷን አዞረች። አዴ ጫልቱ ብድግ ብላ መጥረጊያ አነሳችና "በይ ቁሚ እንጂ፣ ሥራ አለብን" አለቻት።

የጋሽ ካሳ ሰጋቱራ ተነጠፈ። ጋሼ ተፈራ ዝናብ ላይ ጣሪያ ወጥተው ቆርቆሮውን መቱት። የታመሙትን እታለም ለብቻ በካርቶን አድርጋ፣ መንቁራቸውን ከፍታ መድኃኒቱን በጣቷ ጫፍ ጠብ ጠብ ታደርግላቸው ነበር። ከእነሱ የዳነ ጥቂት ነው። የሞቱትን እንዳላይ ጋሼ ተፈራ ከቤቱ ጀርባ ቀበሯቸው፤ እኔ ግን አካፋው መሬት ሲመታ እሰማለሁ፣ እታለምም ትሰማለች፣ ሁለታችንም ያልሰማን እንመስላለን። ጎታ ውስጥ ከደበቅኳቸው መካከልም መድኃኒት እየጠጡ ክንፋቸውን የጣሉ ነበሩ። እታለም ያን ሰሞን ምግብ አልበላ አላት። አንድ ቀን ብቻዋን ስታወራ ሰማኋት፤ "ይቺን ተውልኝ፣ ይቺን ብቻ" ትላለች። አንካሴን ነው ብዬ ገብቼ ባይ በእጇ ምንም አልያዘችም።

ከዚያ አንድ ጠዋት "ትርፌ፣ ነይ ቶሎ ነይ" ብላ ጠራችኝ። ሮጬ ገባሁ። ሰጋቱራው ላይ ጎንበስ ብላለች። ጣቷን ቀስራ አሳየችኝ። ጠንከር ያለ፣ ቡናማ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ቆብ የደፋ ደህና ኩስ። ሁለታችንም ቁጢጥ ብለን እንደ ወርቅ እናየዋለን። ጋሼ ተፈራ ለሥራ ሊወጡ ሲሉ በበሩ ብቅ ብለው "ምን ተገኘ?" አሉ።

"ኩስ" አለች እታለም፣ ፊቷ በርቶ።

ጋሼ ተፈራ ኮፍያቸውን አውልቀው መጥተው አዩ። "ያማረ ነው" አሉ፣ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

አደይ አበባ ሲፈነዳ ጫጩቶቹ ነጭ ላባ ለብሰው ግቢው ውስጥ ይሯሯጡ ነበር። እታለም አባቴ የሚመጣበትን ቀን ማንም ሳይነግራት በሆዷ ትጠብቃለች፤ ግቢውን ትጠርጋለች፣ የጠረገችውን ትደግመዋለች። እኔም እጠብቃለሁ። አሁን ዶሮዎቹን ያያል፣ የእታለም እጅ እንደሚያጸድቅ ያውቃል፣ ይተወኛል። ዶሮዎቹ የኔ ጠበቆች ነበሩ።

የመስቀል ማግስት ነው፤ እኔና እታለም በአንካሴ ነገር ተጣልተን ነበር። እኔ ራሷ ላይ ያለው ቀይ ኩክኒ ስለተነሳ አውራ ዶሮ ናት እላለሁ፣ እሷ ሴት ናት ትላለች።

"ሴት ብትሆን እንደዚህ አትኮራም" እላታለሁ።

"አንቺስ ሴት አይደለሽም? ኩራትሽን አላየሁት መሰለሽ?"

"እኔ አልኮራም፤ እኔ ልክ ስለሆንኩ ነው። ሉኩን የማውቀው እኔ ነኝ" አልኳት፣ አዴ ጫልቱ ዶሮን በምትጠራበት ስም። እታለም ሳቋ እንደ ሕፃን ነበር፣ ከጀመረ አይቆምም። እንዲህ እያለች ነው አባቴ "ቤቶች" ብሎ የገባው።

ሳቋ ወዲያው ቆመ። እግሩን አጠበችው፣ አበላችው። ከዚያ ወደ ግቢ አውጥታ ዶሮዎቹን አሳየችው። ስለ ሰጋቱራው፣ ስለ መድኃኒቱ እየተጣደፈች ነገረችው። እኔ አንካሴን አቅፌ ፊቱ ቆምኩ፤ እንዲያያት ጭኑን እስክትነካ አስጠግቼ ያዝኳት። አባቴ አገጩን እያከከ "ደህና ናቸው" አለ። ቀጥሎ የጠየቀው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከሰዓትም ይገኝ እንደሆነ ነው።

እታለም ውሃ ሆነች። እኔም አንካሴን አስቀመጥኳት።

አባቴ ባናውን ደርቦ ተነሳ። ራሴን ዳበስ አደረገኝና፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ፣ "የቀረውን ልብሷን ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ" አላት። ይኸው ነው የተናገረው። እታለም እስከ መኪናው ሸኘችው። ስትመለስ ጥሬ አፍሳ ወጣች፣ ጠዋት የጠገቡትን ዶሮዎች እንደ አዲስ ስትመግብ እስኪመሽ ግቢ ውስጥ ቆየች።

እና እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ዶሮዎቹ አተረፉኝ ብዬ ኖርኩ። አባቴ ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እናቴ አርጅታ ሰበታ እኔ ዘንድ ልትሰነብት መጣች። አንድ ከሰዓት ጎመን እየቀነጠስን ነገሩን አነሳሁባት።

"አባትሽ እኮ ሊያመጣሽ ነበር የሄደው" አለችኝ። "የመመለሻውን የሁለት ሰው ቦታ አስይዞ። ብቻውን ሲመጣ፣ ልጄ የት አለች አልኩት። ከአጥሩ ውጭ ብዙ ቆሜ አዳመጥኳት አለኝ። ከአክስቷ ጋር ስትሟገት፣ እሷ ስትመልስ አክስቷ ስትስቅ። እንዲህ የሚያወራ ልጅ እንዳለን አላውቅም ነበር አለኝ። ሳልገባ ልመለስ ነበር፣ ርቦኝ ነው የገባሁት አለ።"

ጎመኑን ተውኩት። "ስለ ጫጩቶቹስ?" አልኳት። "ስለ ጫጩቶቹ ምን አለ?"

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

"የምን ጫጩት?" አለች።